የምስር ውሃ ዋናተኞች

«ወንዙ ተናወጠ፣ መንገዱም ጠፋብኝ፤
እምም… እም፣ እም… እምም…»

የሺወርቅ ይህን ዘፈን ስታንጎራጉር ሁልጊዜ እዚህ ላይ ትቆማለች። የመጀመሪያው ስንኝ አብሯት አርጅቷል። ሁለተኛው ግን ሞጣ፣ አክስቷ ልብስ ታጥብበት ከነበረው ድንጋይ ላይ የቀረ ይመስል አልመለስ ብሏታል። ዜማው አለ፣ ቃሉ የለም። እሷም ቃሉ በጎደለበት ቦታ በከንፈሯ እያዜመች፣ በአንድ እጇ ብርጭቆ በሌላው ረጅም ብሩሽ ይዛ፣ ጠዋት ጠዋት የቤተ ሙከራውን ዕቃ ታጥባለች።

መቀሌ ከገባች ሃያ ስድስት ዓመት ሆናት። የጭነት መኪና ሾፌር የነበረው መድሃኔ ሞጣ እህል ሊጭን ሄዶ እሷን ጭኖ ተመለሰ እያሉ የቀዳማይ ወያነ ሰፈር ጎረቤቶቿ እስከ ዛሬ ይቀልዱባታል። ከተማዋ ያን ጊዜ አፏን አላስፈታቻትም ነበር፤ ዛሬ ግን በትግርኛ ትቆጣለች፣ በአማርኛ ትዘፍናለች፣ በሁለቱም ትስቃለች። ወደ ውቅሮ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ሰሜን ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ አንዲት ትንሽ የውሃ ጥናት ቤተ ሙከራ አለች። የሺወርቅ እዚያ የተቀጠረችው ዕቃ አጣቢ ሆና ነው። ውላ አድራ ምግብ አብሳይ ሆነች። የምታበስለው ግን ለሰው አይደለም።

የምትመግባቸው ባክቴሪያዎች ናቸው። ከእላላ ወንዝ የተቀዱ፣ ማንንም የማያሳምሙ፣ እንደ ክር የቀጠነ ጅራታቸውን እያሽከረከሩ የሚዋኙ። መዝገቡ «አሥራ ሁለት ቁጥር» ይላቸዋል። እሷ «ዋናተኞቹ» ትላቸዋለች። የቀድሞው ኃላፊ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በተቀጠረች በሳምንቷ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሳ እንድታይ አደረጓት። በአንዲት የውሃ ጠብታ ውስጥ የገበያ ቀን የሚያህል ግርግር አየች። አንዱ ሽው ይላል፣ ይቆማል፣ ይዞራል፣ ደግሞ ሽው ይላል። ከዚያ ቀን ወዲህ የሚሮጥ ነገር ሁሉ የዘገየ ይመስላታል።

መብራት የጠፋበት፣ ስልክ የተዘጋበት፣ መንገድ የተቋረጠበት ጊዜ መጣ። የሺወርቅ ስለዚያ ጊዜ ብዙ አታወራም። ስለ ምስሩ ግን ታወራለች።

ማቀዝቀዣው ሲቆምና በሩ ሲቆለፍ፣ አራት ትናንሽ ጠርሙሶችን በነጠላዋ ጠቅልላ ከሰሜን እስከ ቀዳማይ ወያነ በእግሯ ወረደች። እርጥብ አሸዋ የሞላ እንስራ ውስጥ ቀበረቻቸው። ቤተ ሙከራው ይሰጣቸው የነበረው የደረቀ የሥጋ መረቅ ዱቄት በሁለት ወር አለቀ። ሥጋ ከየት ይምጣ? ምስር በተገኘ ቀን ትቀቅላለች፤ ጨው የለው፣ ሽንኩርት የለው፣ ዘይት የለው። ውሃውን በጨርቅ አጥልላ ለዋናተኞቹ፣ ፍሬውን ለመድሃኔና ለራሷ።

«የሺ፣ ከእነዚህ ጋር ባንድ ድስት የምንበላ ሆንን እኮ» ይላታል መድሃኔ።

«እነሱ ውሃውን ብቻ ነው የሚጠጡት። ፍሬውን አንተ ትበላለህ፣ ምን አጣህ?»

«መረቁን ነዋ።»

አመጋገቧ ብቻ ሳይሆን አዘራሯም የራሷ ነበር። ውሃን የሚያረጋ የባሕር አረም ዱቄት አንድ ቆርቆሮ ተርፏት ነበርና የምስሩን ውሃ በጣም ላላ አድርጋ፣ እንደ አጥሚት አርግታ፣ ዝርግ ሰሃን ላይ ታፈስሰዋለች። መሀሉ ላይ ዋናተኞቹን በመርፌ ጫፍ ታስቀምጣለች። በማግስቱ በሰሃኑ ላይ ነጭ ቀለበት ይታያል፤ ምግቡን እየበሉ፣ አዲስ ምግብ እየፈለጉ ወደ ዳር የዋኙት ናቸው። የሺወርቅ ለሚቀጥለው ጠርሙስ ዘር ስትወስድ ከመሀል ወስዳ አታውቅም። ከቀለበቱ ጠርዝ፣ ከመጨረሻው ጠርዝ ትነካለች። ለምን ሲሏት፣ «መሀል ያሉት ተቀማጮች ናቸው። ዳር የደረሱት ዋኝተው ነው» ትላለች።

መብራቱ ተመልሶ በሩ ሲከፈት ከክፍሉ ዘር ሁሉ በሕይወት የተገኘው ከየሺወርቅ እንስራ የወጣው ብቻ ነበር። ጠርሙሶቹን ይዛ በበሩ ስትገባ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቀሚሷን ተኩሳ፣ ታቦት እንደምታጅብ ሴት ረጋ ብላ ነው የገባችው። ማንም አላጨበጨበም። እሷም አልጠበቀችም። ግን ያን ቀን ስትራመድ ላያት ሰው፣ መሬቱ ከእግሯ ሥር የራሷ ይመስል ነበር።

እንግዲህ የዘንድሮዋ ሰኔ፣ የዚያች የሰኞ ጠዋት ነገር እንዲህ ሆነ።

«ኣደይ የሺ፣ ከመይ ሓዲርክን» ብላ እንደ እናት በትግርኛ ሰላም አለቻት ራኬብ፣ ዐይኗን ከማይክሮስኮፑ ሳታነሳ። ራኬብ የቤተ ሙከራው ወጣት ተመራማሪ ናት። በሚናወጥ ውሃ ውስጥ ባክቴሪያ ምግቡን እንዴት እንደሚያገኝ ነው የምታጠናው፤ ሙከራዋም ዓርብ ዕለት በእንግዶች ፊት ሊታይ ቀን ተቆርጦለታል።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው ጓለይ፣ ምነው ልጄ፣ ድምፅሽ?»

«ይምጡና ይዩልኝ።»

የሺወርቅ እጇን አድርቃ አጎነበሰች። አሉ። ብዙ ናቸው። ወፍረዋል፣ ያብረቀርቃሉ። ግን እንደ ተበተነ ሩዝ ባሉበት ተኝተዋል። ውሃው ሲያነቃንቃቸው ይነቃነቃሉ፣ ሲተዋቸው ይቆማሉ። ሽው የሚል አንድም የለም።

«ሞተው ነው?»

«አልሞቱም። ይበላሉ፣ ይራባሉ። መዋኘቱን ነው የተዉት።»

የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር እንድርያስ ከበስተኋላቸው ገብቶ ሰምቷል። ከተሾመ ዓመት ያልሞላው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ፣ ነገሩን ሁሉ በመስመር የሚያስኬድ ሰው ነው። እሱም አጎንብሶ አየ። ቀና ብሎ መነጽሩን ጠረገ።

«ወይዘሮ የሺወርቅ፣ ልፋትዎን የማላውቅ እንዳይመስልዎ» አላት። «ማቀዝቀዣው ግን አንድ ነው። ከአዲስ አበባ ያዘዝናቸው አዲስ ዘሮች ቅዳሜ ይገባሉ። አሥራ ሁለት ቁጥር ዓርብ በሙከራው ላይ ከዋኘ ይቆያል። ካልዋኘ ሁሉን በሚገድለው እንፋሎት ድስት ውስጥ ገብቶ ይወገዳል፤ ቦታውን ለአዲሶቹ እንለቃለን። ለማይዋኝ የሚዋኝ የሚል ጽሑፍ ለጥፌ ማስቀመጥ አልችልም።»

«ልክ ነዎት» አለች የሺወርቅ። ልክ መሆኑ ነው ያቃጠላት።

ሲወጣ የራሷን ደብተር ከመሳቢያ አወጣች። ያበሰለችውን ሁሉ፣ ቀኑንና ዓይነቱን፣ በሰማያዊ ቢክ የምትጽፍበት ነው። ወደ ኋላ ገለጠች። ዐቢይ ጾምን በሙሉ «የምስር ውሃ» ይላል። ከዚያ የፋሲካ ማግስት ላይ፣ በደስታ ከሌላው ፊደሏ ገዘፍ አድርጋ የጻፈችው፦ «የሥጋ መረቅ። ስኳር ጨምሬ። ፈሰኩ።»

በዚያ ሳምንት ነበር የሥጋ መረቅ ዱቄቱ ከስንት ዓመት በኋላ በካርቶን የመጣው። የሺወርቅ ካርቶኑን ስትከፍት ዐይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ይህን ያህል ዓመት የምስር ውሃ እየጠጡ ጾመውልኛል፣ ዛሬስ ይፈስኩ፣ አለች። ለእንግዳ እንደሚደረገው አትረፍርፋ ሰጠቻቸው። ሰሃኑንና ቀለበቱንም ተወችው፤ አዲስ የመጣው፣ ሌት ተቀን የሚወዘውዘው ማሽን ላይ ጠርሙሳቸውን አስቀመጠች፣ ምግቡ ለሁሉም እኩል ይዳረስ ብላ። በዓለ ሃምሳ አለፈ። ሰኔ ገባ፣ የሐዋርያት ጾም ገባ፣ እሷም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማትቀምስ ሆነች። ደብተሩ ግን ያው ነው፤ የሥጋ መረቅ፣ ስኳር። የሥጋ መረቅ፣ ስኳር።

«እኛ ጾም ገባን» አለች የሺወርቅ ቀስ ብላ። «እነሱን ማን ያስገባቸው?»

ራኬብ ደብተሩን አንብባ ወንበር ሳበች። «ስኳር!» አለችና ግንባሯን ያዘች። «ኣደይ የሺ፣ ጅራት መሥራት እኮ ለእነሱ ትልቅ ድካም ነው። ስኳር የጠገበ ጅራት አይሠራም። ምግቡ ደጁ ድረስ ከመጣለት ምን ብሎ ይዋኛል?»

«ማሽኑስ?»

«እሱ ደግሞ ባሰ። ሲወዘወዝ ምግቡ በሁሉም በኩል እኩል ሆነ። ወዲህም ብሄድ ያው፣ ወዲያም ብሄድ ያው። ፍለጋ የሚባል ነገር ቀረ። የሚዋኘውም የተኛውም እኩል በላ፤ ያልደከመው የተኛው ግን በዛ።»

የሺወርቅ ደብተሩን ዘጋች። በዚያ ክፉ ዘመን ያላጣቻቸውን በበዓል ልታጣቸው ነው። ሰው የሚወደውን የሚጎዳው እንዲህ ነው ለካ፣ ትልቅ ትሪ ይዞ፣ እየሳቀ።

«ለሰው የማደርገውን ነው ያደረግኩላቸው» አለች በመጨረሻ።

«አውቃለሁ። ለዶክተር እንንገራቸው?»

«እኔ እነግራቸዋለሁ። ዓርብ፣ ሲዋኙ።»

«ካልዋኙስ?»

«ካልዋኙም እነግራቸዋለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ባንቺ ሙከራ ላይ አይጻፍም።»

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ መድሃኔ ሮማናት አደባባይ ላይ ቆሞ ጠበቃት። ጡረታ ወጥቷል፤ መሪ መያዝ የለመደ እጁ አሁን የእሷን ዘንቢል ይይዛል። ሰኞ የገበያ ቀን ነውና ወደ ገበያው ወረዱ። የሰኔ ነፋስ አቧራውን እያነሳ ይጥላል። የሚፈልጉት የምስር ነጋዴዋን ኣዳነችን ነበር። ንጹሕ፣ አንድ ጠጠር የሌለበት ምስር የሚገኘው ከእሷ ዘንድ ነው። ኣዳነች ግን ከለመደችው ቦታ የለችም፤ ገበያው ተገፋፍቶ ወዴት እንዳደረሳት የሚያውቅ ጠፋ።

«እንጠይቅ» አለ መድሃኔ።

«ቆይ» አለች የሺወርቅ። አፍንጫዋን ቀና አደረገች። ኣዳነች ከምስሯ ጎን ሁልጊዜ የሽምብራ ቆሎ ትቆላለች። ነፋሱ አንዲት ቀጭን የቆሎ ሽታ አምጥቶ በፊቷ አሳለፈ። የሺወርቅ ወደዚያ አምስት እርምጃ ሄደች። ሽታው ጠፋ። ቆመች፣ ዞረች፣ በሌላ በኩል ሞከረች። መጣ፤ ከቅድሙ ጠንከር ብሎ መጣ። በዚያው ቀጠለች።

«ኧረ ምን ሆነሽ ነው የምትዞሪው? ሰው እያየን ነው።»

«ዝም በል፤ እያሸተትኩ ነው።»

ጨርቅ ተራን አልፈው፣ ማሰሮ ሻጮቹን ዞረው፣ አንዲት ሸራ ሥር ሲደርሱ ኣዳነች ምጣዷ ላይ ቆሎ ስታገላብጥ አገኟት። የሺወርቅ እዚያው ቆማ ሳቀች። ከጠዋት ጀምሮ ያልሳቀችውን ሳቀች።

«መድሃኔ፣ አየህ? ዋናተኞቹ የሚያደርጉት ይህንን ነው። ዐይን የላቸውም። ትንሽ ይሄዳሉ፣ ይቀምሳሉ። ከቅድሙ ከጣፈጠ በዚያው ይቀጥላሉ፣ ከቀነሰ ይዞራሉ። ነፋስ ባይኖር ሽታው እዚሁ ምጣዱ ዙሪያ ይቀር ነበር፣ እኔ ጋ አይደርስም። ነፋሱ ዐውሎ ቢሆን ደግሞ ተበትኖ ገበያው ሁሉ እኩል ይሸታል፤ አፍንጫ ምን ይረባኛል? እንዲህ መለስተኛው ነፋስ ግን ሽታውን እንደ ፈትል መዝዞ እፊቴ ያመጣልኛል። ከዚያ ፈትሉን ይዞ መሄድ የኔ ፋንታ ነው። ውሃም እንደዚሁ ነው።»

መድሃኔ ጥቂት አሰበ። «ይህንን ለማወቅ ነው ዶክተር የሚሆኑት?»

«ለማወቅማ ማንም ያውቀዋል። ለመለካት ነው።»

«ኣታ መድሃኔ» አለች ኣዳነች ቆሎዋን እያማሰለች፣ «ሚስትህ በአፍንጫዋ ነው እንዴ ገበያ የምትወጣው?»

«ባሏንም ያገኘችው በዚያው ነው። ናፍታ ናፍታ እሸት ነበር።»

«በሊ፣ ምን ልስፈርልሽ? ለወጥ ነው ለቅቅል?»

«ለዋናተኞች» አለች የሺወርቅ። ኣዳነች የሰማችው ሳይገባት ሁለት ጣሳ ሰፈረችላት።

ምስሩን የሚቀቅለው መድሃኔ ነው፤ በዚያ ዘመን የለመደውን እስከ ዛሬ አልተወም። የሺወርቅ ማክሰኞ ማለዳ ውሃውን በፔርሙስ ይዛ ገባች። አጠለለች፣ እንፋሎት ድስቱ ውስጥ ቀቀለች፣ አረጋች፣ ሰሃኑ ላይ አፈሰሰች። ከወፈሩት መሀል በመርፌ ጫፍ ነክታ ከመካከሉ አኖረች። ከስኳር ቤት ወጥተው የጾም ቤት ገቡ።

ረቡዕ ጠዋት ሰሃኑ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ብቻ ነበረች። ቀለበት የለም። ራኬብ አይታ የዓርብ ዕቃዋን መደርደር ጀመረች። የሺወርቅም ዘፈኗን አላነሳችም። ብርጭቆ አጠበች። የታጠበውን ደግማ አጠበች። ሁሉም አልጠፋ ይሆናል፣ ከተኙት ብዙ ሺህ መሀል ጅራቱን ያልጣለ አንድ ይኖራል፣ እያለች ለራሷ ነገረች። ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ በመስኮቱ ገደድ ብላ ስትገባ፣ ሰሃኑን ወደ ብርሃኑ አዘንብላ አየችው። ከነጥቧ በአንድ ወገን፣ መስታወት ላይ እንደተነፈሱት ትንፋሽ የመሰለች ጉም ወጥታለች። ጣት አትሞላም። አንድ ወገን ብቻ።

ጠርዟን ነካች። ሁለተኛ ሰሃን።

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ቀለበቱ የሲኒ ማስቀመጫ አክሎ ነበር። ጠርዙን ነካች። ሦስተኛ ሰሃን። ያን ዕለት ማታ ቤቷ ስትገባ መድሃኔ ፊቷን አየና ሳይጠይቃት ሌላ ምስር ጣደ።

ዓርብ ከሁሉም ቀድማ ገባች። ነጭ የሥራ ካፖርቷን ለብሳ፣ ጠብታዋን አዘጋጅታ፣ ከማየቷ በፊት አማተበች። አጎነበሰች። ሽው። ቆመ፣ ዞረ። ሽው። ጠብታው እንደ ድሮው የገበያ ቀን ሆኗል። የሺወርቅ ቀና ሳትል ለረጅም ጊዜ ቆየች። ራኬብ ስትገባ ያየችው የጎበጠ ጀርባዋን ብቻ ነበር፤ ዜማውን ግን ሰማች። «ወንዙ ተናወጠ፣ መንገዱም ጠፋብኝ…» ራኬብ ቦርሳዋን አስቀምጣ ግድግዳውን ተደገፈች።

«ዋኙ?» አለች።

«አንቺው እዪ። በእኔ ቃል ብቻ አትመኚ።»

አራት ሰዓት ላይ ሦስት እንግዶች መጡ። ራኬብ ጠረጴዛው ላይ ስድስት ብርጭቆ በሁለት ረድፍ አሰልፋለች፤ በአንደኛው ረድፍ ዋናተኞቹ፣ በሁለተኛው የፋሲካዎቹ፣ እነዚያው የወፈሩት። ጥፋቱ ራሱ ማነጻጸሪያ ሆኖላታል። ለሁሉም አረንጓዴ ቀለም የተቀላቀለበት አንድ አንድ ጠብታ ምግብ ጨመረች። በየረድፉ የመጀመሪያው ብርጭቆ ውሃ የረጋ ነው። ሁለተኛውን ትንሽ ማማሰያ ቀስ ብሎ ያዞረዋል። ሦስተኛውን በኃይል ያናውጠዋል።

በረጋው ውሃ አረንጓዴው እንደ ደመና ተንሳፍፎ ባለበት ቀረ። በኃይል በሚናወጠው ዐይን እስኪጨፈን ውሃው ሁሉ አንድ ዓይነት ፈዛዛ አረንጓዴ ሆነ። ቀስ ብሎ በሚዞረው ግን ጠብታው ተመዘዘ፤ ፈትል ሆነ፣ ፈትሉ ተጠመዘዘ፣ ተሰነጠቀ፣ እንደ ጥለት በብርጭቆው ዙሪያ ዞረ። የሺወርቅ ዐይኗን አልነቀለችም። ይህ የኣዳነች ቆሎ ነው፤ ይህ የሰኞ ነፋስ ነው።

ከዚያ ራኬብ በቀጭን የመስታወት ቱቦ ከአረንጓዴው ፈትልና ከንጹሑ ውሃ እየቀዳች ቆጠረች። እንግዶቹም ተራ በተራ አጎንብሰው ቆጠሩ። ቆጠራው ረዥም ነበር። በኃይል በተናወጠው ዋናተኞቹም የተኙትም እኩል ሆኑ፤ ዋናው ከንቱ ድካም ነበር። በረጋው፣ ከደመናው አጠገብ የነበሩት ጥቂቶች ብቻ ደረሱለት። ቀስ ብሎ በተናወጠው ግን በፈትሉ ውስጥ የተገኙት ዋናተኞች ከፈትሉ ውጭ ካሉት ሦስት እጥፍ በለጡ። የተኙት እዚያም ቤት፣ እዚህም ቤት ያው ናቸው።

ከእንግዶቹ አንዷ፣ ጠና ያሉ ፕሮፌሰር፣ ቀና ብለው «እንዲህ የሚዋኝ ዘር ካየሁ ቆይቻለሁ» አሉ። «በዚያ ሁሉ ዓመት ማን ጠበቀው? በምን መገባችሁት?»

ዶክተር እንድርያስ ወደ የሺወርቅ ዞረ። ሁሉም ዞሩ። የሺወርቅ እጇን በካፖርቷ ላይ ጠረገች።

«እኔ ነኝ» አለች። «በምስር ውሃ። ደግሞ ሳይዋኙ የቀሩትም በኔ ነው። ፋሲካ ደረሰ ብዬ አስፈስኬያቸው፣ ጾም ሲገባ ማስገባቱን ረሳሁ። ዶክተር ሰኞ ያዩት እሱን ነው። ራኬብ ምንም ጥፋት የለባትም።»

ከዚያ ፕሮፌሰሯ ሳቁ፤ የማሾፍ ሳቅ አልነበረም፣ የገዛ ማጀታቸውን ያስታወሱ ሴት ሳቅ ነበር። «ጨው ይገባበታል?» ብለው ማስታወሻቸውን አወጡ።

«የለበትም። ሽንኩርትም ዘይትም የለበትም። ዘር ሲነሳም ከጠርዝ ነው፣ ከመሀል አይነካም።»

ጻፉት። የሺወርቅ ሲጽፉ አየች። ሞጣ ላይ ከአሥረኛ ክፍል የቀረች ልጅ የተናገረችውን፣ ጸጉራቸው የሸበተ ምሁር ቃል በቃል ይጽፋሉ። አንገቷ ሳይታወቃት ቀና አለ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ዶክተር እንድርያስ ማቀዝቀዣውን ከፈተ። የላይኛውን መደርደሪያ ለቅዳሜ አጽድቶት ነበር። የየሺወርቅን አራት ጠርሙሶች ከበሩ ኪስ አውጥቶ አንድ በአንድ እዚያ ላይ ደረደራቸው።

«አዲሶቹ ታች ይገባሉ» አለ። በሩን ዘግቶ ትንሽ ቆመና፣ «ወይዘሮ የሺወርቅ፣ ስኳሩ ግን ከእንግዲህ እኔ ቢሮ ይቆለፍበታል» አላት።

«ይቆለፍበት» አለች። «ለሻይዎ እንኳ ይሆናል።»

ስትወጣ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ወደ አሥር ይጠጋ ነበር። ጥበቃው ሃይለ ከበሩ አጠገብ ያለችውን አግዳሚ እያሳያት፣ «ኣደይ የሺ፣ እንግዳ አለብዎት፤ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ተቀምጧል፣ መኪናውን የሸጠበትን ታሪክ ስንት ጊዜ ነገረኝ» አላት። መድሃኔ ነው። ምሳ ዕቃውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ሁለት እጁን እንደ መሪ ክዳኑ ላይ ጭኖ ተቀምጧል።

«እሺ?» አላት።

«ዋኙ።»

«አላልኩሽም?»

«መች አልክ?»

«በሆዴ።» ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀላት። እሷ ግን ወዲያው አልተቀመጠችም። ከቧንቧው ሄዳ እጇን ታጠበች፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ፣ ብርጭቆ እንደምታጥበው። ከውቅሮ በኩል መለስተኛ ነፋስ ይመጣል። መድሃኔ የምሳ ዕቃውን ክዳን ሲከፍተው የምስሩ ሽታ አንዲት ፈትል ሆኖ ተመዘዘና እስከ ቧንቧው መጣ። የሺወርቅ እጇ እንደረጠበ ቆመች። ሃያ ስድስት ዓመት ያልተገኘው ስንኝ፣ የአክስቷ ድምፅ፣ የወንዙ ድንጋይ፣ የሳሙናው አረፋ፣ ሁሉም በአንድነት መጡ።

«ወንዙ ተናወጠ፣ መንገዱም ጠፋብኝ፤
ጠረንህ ነው እንጂ፣ ማን መጥቶ ሊያደርሰኝ።»

ጮክ ብላ ነው የዘፈነችው። ሃይለ ከበሩ ዞሮ አየ።

«ለኔ ነው?» አለ መድሃኔ።

«ለምስሩ ነው።»

መጥታ ከጎኑ ተቀመጠች። ጫማዋን አወለቀች፣ እግሯን ዘረጋች። እንጀራዋን ቆርሳ ምስሩን ጠቀለለችና ጎረሰች። አኘከች፣ ቆም አለች፣ ደግማ አኘከች።

«ጨው የለውም» አለችው።

መድሃኔ ግንባሩን መታ። «ወይለይ። የዋናተኞቹን መስሎኝ።»

የሺወርቅ ሳቀችና ሁለተኛውን ጉርሻ ጠቀለለች። ያን ለእሱ አጎረሰችና ሌላ ለራሷ ጠቅልላ፣ ደገፍ ብላ፣ ሳትቸኩል መብላት ጀመረች።